መሞቅ የማያስፈልጋት መኪና

እስቲ ዝም በሉ! ወጋየሁ፣ አንተን ነው፣ ያንን ሹካ አስቀምጥና ስማኝ፤ ጥብሱ የትም አይሄድም። ማይኩ ይሰራል? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ።

እኔ እንደምታውቁኝ የስቶር ሠራተኛ ነኝ እንጂ ንግግር አዋቂ አይደለሁም። ምን ያስቃችኋል? ይሁን፣ ሳቁ። ማይኩን የሰጡኝ የጋራዥ ልጆች ናቸው። «በጋሽ ገሠሠ ላይ ከሪሐና በላይ ያሾፈ ሰው በዚህ ፍራሽ ፋብሪካ የለም፤ አንቺው ጀመርሽው፣ አንቺው ጨርሺው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደግሞ እሺ ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ይቺን ወረቀት ታያላችሁ? የጋሽ ገሠሠ ክሊራንስ ናት። ፋይናንስ ፈርሟል፣ አስተዳደር ፈርሟል፣ ክሊኒክ ሳይቀር ፈርሟል። አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷል፣ እሱም የስቶር ነው። እኔ ካልፈረምኩ ሰውየው ጡረታ አይወጡም! ስለዚህ ጋሽ ገሠሠ፣ ዛሬ የምለውን ሁሉ ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። መሄጃ የለዎትም።

ለምን አልፈረምሽም ትሉኝ ይሆናል። እሱን ለመናገር እሳቸው በዚህ በር ወደገቡበት ቀን መመለስ አለብኝ። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። እኔ ያኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር፤ በዓይኑ ያየው በንቲ ነው፣ ጢሙ ሳያበቅል የእኛ ጥበቃ የነበረው በንቲ። በንቲ፣ ከዋሸሁ እዚያው ሆነህ አርመኝ።

የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ መኪና በሩ ላይ ቆማ አልነሳ ብላለች። አምስት ሰው ይገፋል። አንድ ቀጭን ሰውዬ ማመልከቻውን በብብቱ ሸጉጦ መጣና «መግፋቱን ተዉት፣ ኮፈኑን ክፈቱልኝ፣ ረጅም ካቻቢቴ አምጡልኝ» አለ። በንቲ ስቶር ሮጦ ካቻቢቴ አመጣ። ሰውየው ጫፉን ሞተሩ ላይ ተከለ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ቁልፉን አዙር» ይላል። ያዳምጣል። «እሺ» ይላል። «እንደገና። እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ።» በንቲ ይሄን ሲያይ ደነገጠ። ወደ ቢሮ ሮጠና «ጌታዬ፣ አንድ እብድ በካቻቢቴ ስልክ እየደወለ ነው! ከመኪናዎ ጋር ያወራል!» አላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ሲወጡ መኪናዋ ተነስታለች። «እብዱን ቅጠሩት» አሉ፣ ተቀጠሩ። እንግዲህ ሰው ሥራ ይቀጠርና ነው ዕቃ የሚረከበው። ጋሽ ገሠሠ ግን ሳይቀጠሩ በስማቸው ዕቃ ወጪ ያስደረጉ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ካርዱ እስከ ዛሬ እኔ ጋ አለ፦ «ካቻቢቴ፣ ረጅም፣ ቀይ እጀታ፣ ብዛት አንድ።» ያቺ ካቻቢቴ አልተመለሰችም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በቆጠራ ጊዜ «ጋሽ ገሠሠ፣ ካቻቢቴዋስ?» እላለሁ፤ «ሥራ ላይ ናት» ይሉኛል። አሁንስ የት ናት? ከደረት ኪስዎ ብቅ ያለው ምንድን ነው? ሙሉ ልብስ በካቻቢቴ! እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ባለቤታቸው ሆነው እርስዎም አይተው ዝም አሉ?

እሺ፣ አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰኞ ቀን፣ ጋሽ ገሠሠ ያቺን ሃያ ዓመት የነዷትን ፒጆ ሸጠው፣ ለጡረታ ብለው ያስቀመጡትን ሁሉ ጨምረው፣ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው መጡ። ሰባት ሰው የምትይዝ። በሩ ላይ ደርሰው በንቲ አልከፈተላቸውም። መኪና መምጣቱን አልሰማማ! ጥሩንባ እስኪያደርጉ ጀርባውን ሰጥቷት ሻዩን ይጠጣ ነበር።

እስቲ አስቡት። ዕድሜ ልካቸውን በጆሯቸው እንጀራ የበሉ ሰው፣ በኮሪደር ሲያልፉ «የሦስት ቁጥሯ መኪና ካንዴላዋ ተቃጥሏል» የሚሉ ሰው፣ ድምፅ የሌላት መኪና ገዙ! የጋራዡ ልጅ ሁሉ ከቧቸዋል። የመጀመሪያዋ ተሳዳቢ እኔ ነበርኩ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ሞባይል?»

«ሁለቱም ነው።»

«ሲበላሽ ታዲያ ጋራዥ ነው የሚወስዱት ወይስ ስልክ ቤት?»

«አይበላሽም።»

«ይሄን ሜካኒክ ሆነው ነው የሚሉት?»

ኮፈኑን ከፈቱ። ካቻቢቴዋን አወጡ። ጫፏን አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ።

«ምን ትላለች?» አልኳቸው።

«ምንም አትልም።»

«ታዲያ ደህና ናት ወይስ ሞታለች?»

ካቻቢቴዋን በጨርቅ ጠርገው ኪሳቸው ከተቱና «ቀስ ብለን እንማራታለን» አሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

መማሩ ቀላል አልነበረም። መኪናዋ አማርኛ አትችልም። ቀበቶ ካላሰሩ አንዲት ሴትዮ ከውስጥ በቻይንኛ ትቆጣለች። ጋሽ ገሠሠም «እሺ እመቤቴ፣ እሺ» እያሉ ያስራሉ። እትዬ ፀሐይወርቅ አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ሰሙና ምን አሉ መሰላችሁ? «ሠላሳ አምስት ዓመት አማርኛ ተናግሬ እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰው፣ ለዚችኛዋ በአንድ ቃል!» ይኸው፣ እየሳቁ ነው፣ አልዋሸሁም።

ከዚያ የቻርጁ ጣጣ መጣ። ፉሪ ባለው ቤታቸው የነበረው ቆጣሪ ለመኪና የሚሆን አልነበረም። ባለ ሦስት ፌዝ እስኪገባላቸው ድረስ በኤክስቴንሽን ነበር የሚሰኩት። ማታ መኪናዋ ተሰክታ እትዬ ፀሐይወርቅ ካውያ ሲያነሱ ቤቱ ጭልም! ብሬከሩን መልሱ፣ ካውያውን ተዉ፣ መኪናዋን ንቀሉ፣ ሸሚዙን ተኩሱ። አንድ ወር ሙሉ ጋሽ ገሠሠ የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሰው የመጡት በሌላ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። ሸሚዝ ወይ ቻርጅ ነበር ምርጫው።

ደግሞ ስስታቸው! በሐምሌ ዝናብ መስታወቱ በእንፋሎት ታፍኖ፣ እኛ ጠዋት አብረናቸው የምንመጣው ባልደረቦች ከኋላ እየተንቀጠቀጥን «ማሞቂያውን ይክፈቱልን» ስንል «ቻርጅ ትበላለች» ብለው አንድ ጋቢ ይወረውሩልናል። አንድ ጋቢ ለሦስት ሰው! የፉሪዋ ባልደረባችን ቀመሪያ መሃል ስለምትቀመጥ ሁሌ ተመችቷት ነው የምትደርሰው። ፉሪ ያለችው ያቺ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ውረዱ» ነው። ባትሪዋ ከሆዷ ሥር ስለሆነ ድንጋይ እንዳይነካት ብለው። አምስት ሰው ወርዶ ከኋላ ከኋላ በእግሩ ይከተላል። አንዲት ባልቴት አንድ ጠዋት ሙሽራ ያለ መስሏቸው እልል አሉላቸው ብላ ቀመሪያ ነግራኛለች።

ሰላምታቸውም ተቀየረ። «ደህና አደርሽ» ቀረና «ዛሬ ስንት ፐርሰንት ነሽ?» ሆነ። ባትሪዋ ዕድሜዋ እንዲረዝም ከሰማንያ በላይ አይሞሏትም፤ ይሄን ወስደው ሰው ላይ አመጡት። አቶ ጸጋአብን፣ ሥራ አስኪያጃችንን፣ በስብሰባ መሃል «አቶ ጸጋአብ፣ ድምፅዎ ሃያ ላይ ደርሷል፣ ሻይ ይጠጡ» ያሏቸው ቀን እኔ በሳቅ ከጠረጴዛ ሥር ነበርኩ።

አዎ፣ ቻርጅ ጨርሰው የቆሙበትንም ቀን እናገራለሁ፣ ዓይንዎን አያፍጡብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቻርጅ ቢጨርስ ቃሊቲ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሳሪስ ላይ ይቆማል። እሳቸው ለቡ መብራት ኃይል! ሰፈሬ ነው፣ አይቻለሁ፣ ምስክር ነኝ።

ከሁሉ በላይ ግን እኔን ያበሳጨኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሾፍኩበት ነገር ጠዋት ጠዋት ያለው ነው። መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጋሽ ገሠሠ ከፉሪ ሲመጡ የዚያ ሰፈር ባልደረቦቻችንን በነፃ ይጭናሉ። አምስት ናቸው። እኔ ስድስተኛዋ ለቡ ላይ እሳፈራለሁ። ለቡ ስደርስ መኪናዋ ሁልጊዜ ቆማ አገኛታለሁ። ጋሽ ገሠሠ መሪውን ይዘው ቁጭ። «ምን እየሠሩ ነው?» ስላቸው «ትንሽ ትሙቅ ብዬ ነው» ይሉኛል።

ሰዎች! የኤሌክትሪክ መኪና! ምኗ ነው የሚሞቀው? ለፒጆዋማ እሺ፣ በክረምት አሥር ደቂቃ ሳትሞቅ አትንቀሳቀስም ነበር። እትዬ ፀሐይወርቅ እንደነገሩኝ የመጀመሪያውን ሳምንት የምር ሲያሞቋት ከርመዋል፤ እጅ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ግን ሁለት ዓመት? የሠላሳ ዓመት ሜካኒክ? እኔ ይሄን ስቶር ውስጥ አወራሁ፣ ካፌ አወራሁ፣ የጋራዥ ልጆች በሰበብ አስባቡ «ትንሽ ትሙቅ» ይሉ ጀመር። ጋሽ ገሠሠ አንድ ቀን አልተቆጡም። ፈገግ ብለው ያልፉኛል።

እስቲ ውሃ ስጡኝ።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ ቀን አብረን ሻይ ስንጠጣ የምሬን ጠየቅኳቸው። «ጋሽ ገሠሠ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ አዋጣችዎት?» ጥያቄዬ ለነገር አልነበረም፤ ወንድሜ ሊገዛ ያስብ ስለነበር ነው። እሳቸውም አልደበቁኝም። «ለወር ሙሉ ቻርጅ የማወጣው ፒጆዋ በሦስት ቀን የምትጠጣውን ቤንዚን አይሞላም» አሉኝ። «ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ። ሰልፍ የለ፣ እሱ ብቻውን ዕድሜ ይጨምራል። ጎማ ግን ትበላለች፣ ክብደቷ ከባድ ነው። ኢንሹራንሷ ውድ ነው። የኋላ መብራቷ ሲሰበር ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ወር ተኩል በፕላስተር አስሬ ነዳኋት።»

«ባትሪዋስ?» አልኳቸው።

ብርጭቋቸውን አዞሩ፣ አዞሩ። «ሪሐና፣ የጡረታ አበል ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ። ልጄ ናዝሬት ትምህርቷን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ያለኝን ሁሉ እዚች መኪና ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ከዚህ ስወጣ ሥራዬ እሷ ናት። እሷ ከሄደች ቤቴ ይሄዳል፤ እሷ ከቆመች ከልጄ ፊት ምን ይዤ እቆማለሁ?» አሉኝ። ያን ቀን አላሾፍኩም። በማግስቱ ቀጠልኩ፣ አልክድም።

ዘንድሮ ደግሞ ድርጅታችን የፉሪን የሠራተኛ ሰርቪስ መስመር ሊያቆም ነው ተባለ። የወጋየሁ አውቶቡስ ናፍጣ ለመቅዳት ማደያ በር ላይ ስንት ቀን እንዳደረ እሱ ራሱ ይንገራችሁ፤ በዚያ ላይ ፉሪ ዳገቱ አልሆነለትም። ጋሽ ገሠሠ አቶ ጸጋአብ ቢሮ ገቡ። «ጡረታ ስወጣ መስመሩን በውል ስጡኝ» አሉ። አቶ ጸጋአብም እንደ ሥራ አስኪያጅ ጠየቁ፤ ጥፋት የለባቸውም። «መብራት ቢጠፋስ?» «እመጣለሁ።» «ቻርጅ ቢያልቅስ?» «እመጣለሁ።» «እንግዲያው አንድ ወር ልይዎት። ሃያ ሁለት የሥራ ቀን። በሩ የሚዘጋው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ቀን ከሰዓቱ ካለፉ ውሉ ቀርቷል።»

ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፋብሪካውን አዳረሰ። በንቲ በየቀኑ የገቡበትን ደቂቃ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «ወሩን አይሞሉም፣ እንዲያውም በማሞቅ ነው ሰዓቱ የሚያልፋቸው» ያለችው ማን ናት? እኔ። ወላሂ እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሰባት፣ አንድ ቀን ሃያ ዘጠኝ! በንቲ በሩን በእጁ ይዞ «ኧረ ቶሎ! ኧረ ቶሎ!» እያለ። እኔ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሆኜ «ያ ማሞቅ ነው፣ ያ ማሞቅ ነው» እላለሁ።

አሥራ ዘጠነኛው ቀን ዋዜማ ፉሪ ላይ መብራት ጠፋ። ያን ቀንም፣ በማግስቱም አልመጣም። መኪናዋ ዘጠኝ ፐርሰንት ቀራት። ጋሽ ገሠሠ በንቲ ጋ ደወሉ። የበንቲ ቤተሰብ የፉሪ የጥንት ነዋሪ ነው፤ ከተማው ሳይመጣባቸው በፊት ገበሬዎች ነበሩ፣ አሁንም ታላቅ ወንድሙ ለሊሳ ከመሬቱ ጎን የእህል ወፍጮ አለው። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ በሌላ መስመር ነው መብራት የሚያገኘው፤ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፣ መብራትም አለው። በንቲ «ሂዱ፣ ነግሬዋለሁ» አላቸው።

ጋሽ ገሠሠ መኪናዋን በቀስታ እየነዱ ወፍጮ ቤት ገቡ። ጤፍ ሊያስፈጩ የመጡ እናቶች ተሰልፈዋል። ለሊሳ መኪናዋን ዞሮ አያት፣ አሰበና ምን አለ? «እኔ የማስከፍለው በኪሎ ነው። ይቺ ስንት ኪሎ ናት?»

ጋሽ ገሠሠም «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ» አሉት።

«እሱማ ብዙ ነው» አለ ለሊሳ፣ እናቶቹ ሳቁ። ጋሽ ገሠሠ ግን አልሳቁም። ጆሯቸው ወፍጮው ላይ ነው። ካቻቢቴዋን አወጡ። የወፍጮውን ሞተር አዳመጡና «ይሄ ኩሽኔታ ነገ ጠዋት ይሰነጠቃል፣ ሞተሩንም ይዞ ይሄዳል» አሉ። ለሊሳ መጀመሪያ አላመነም፤ ሲከፍቱት ግን እንዳሉት ሆነ። ቀየሩለት። ለሊሳም ከመኪናዋ ላይ አንድ ሳንቲም አልወሰደም። ድምፅ የሌላትን መኪና ያተረፋት ያ ሁላችንም ያሾፍንበት የማዳመጥ ሥራ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለቡ ስደርስ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች፤ መኪናዋ ድሮም ነጭ ናት፣ ያን ቀን ግን መስታወቷም ነጭ ነው። ጋሽ ገሠሠ ከውስጥ ወጡ። ቅንድባቸው ዱቄት፣ ጢማቸው ዱቄት፣ ሙሉ ሰውየው ለቡሄ የተቦካ ሊጥ ነው የሚመስሉት! «ስንት ፐርሰንት ነዎት?» አልኳቸው። «ሰማንያ» አሉኝ። አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት በዚህ በር ገባን። እልልታው ትዝ ይላችኋል? አቶ ጸጋአብ በመስኮት ያጨበጨቡትስ?

አሁን የመጨረሻውን ቀን ልናገር። ይሄን ማንም ሰው ከእኔ አልሰማም፣ እሳቸውም አልሰሙም።

ሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። አርብ። ሁላችሁም እንደምታውቁት ልጄ ኬጂ ናት፤ ኬጂው የሚከፈተው አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ አስገብቻት እየሮጥኩ መንገዱ ዳር የምደርሰው አንድ ሰዓት ከአሥር ነው። ያን ቀን ግን ትንሽ አተኮሳት፣ ከእናቴ ጋር ትቻት ወጣሁ። ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ለቡ ላይ ዳቦ ልግዛ ብዬ ሱቁ ውስጥ ገባሁ። መኪናዋ መጥታ ሱቁ ፊት ቆመች። መስታወቷ ክፍት ነው። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ነኝ፣ አላዩኝም።

ቀመሪያ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ «ጋሽ ገሠሠ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ኧረ ዛሬ እንኳ እንሂድ! ውሉ ይቅርብዎት?»

«ትንሽ ትሙቅ» አሉ።

«እኛው ለእኛው እንኳ ‹ትሙቅ› ይሉናል?»

ጋሽ ገሠሠም እንዲህ አሉ። በቃላቸው ነው የምደግመው። «ልጅቷን ሳታደርስ መምጣት አትችልም። የምንጠብቃት መሆኑን ካወቀች ደግሞ ከነገ ጀምሮ በታክሲ ተጋፍታ ነው የምትመጣው፤ ኩሩ ናት፣ ታውቂያታለሽ። መኪናዋ ናት የምትሞቀው። እንደዚያው ይሁን።»

እስቲ መሐረብ አቀብሉኝ።

ይቅርታ። አንድ ደቂቃ።

እኔን ነበር የሚጠብቁት። ሁለት ዓመት ሙሉ። ያንን ወር፣ ያላቸውን ሁሉ፣ የናዝሬትን ትምህርት፣ የእትዬ ፀሐይወርቅን ቤት በአሥር ደቂቃ ላይ አስቀምጠው በየቀኑ እኔን ይጠብቁ ነበር። እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ አሾፍባቸው ነበር። እናንተ አምስታችሁ ደግሞ ታውቁ ነበር! ቀመሪያ፣ ዓይንሽን አትደብቂ። ሁለት ዓመት በአንድ ጋቢ ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነፈስሽም!

ያን ጠዋት ከሱቁ በጓሮ በር ወጥቼ፣ ዞሬ፣ እየሮጥኩ እንደመጣሁ መስዬ ገባሁ። «ዛሬ ቀደምሽ» አሉኝ። «ልጄ አሟት ነው» አልኩ። ጋቢውን ፊቴ ላይ ሳብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መሞቅ ምንም አልተናገርኩም። አንድ ሰዓት ከአሥራ ስድስት በዚህ በር ገባን፤ በንቲ ሰዓቱ የተበላሸበት መስሎት ሁለት ጊዜ አየው። ውሉም ተፈረመ። ጋሽ ገሠሠ፣ አሸነፉ! ያለ አንድ ቀን ጉድለት፣ ሃያ ሁለት ከሃያ ሁለት፣ እኔን ጭምር ተሸክመው አሸነፉ! አጨብጭቡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!

እንግዲህ ጋሽ ገሠሠ፣ የሚናገር አፌ ነው ብለው ይቅር ይበሉኝ። አመሰግናለሁ። ስላስተማሯቸው የጋራዥ ልጆች አመሰግናለሁ፤ እንኳን መኪና፣ ሰው ሳይናገር ምን እንደጎደለው የሚሰሙ አለቃ ነበራቸው። ስለ ነፃው መንገድ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ውለታ አድርገውልኝ ውለታ እንዳይመስለኝ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ከአባቴ በኋላ አላየሁም። እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ስላዋሱን እርስዎንም አመሰግናለሁ፤ ሸሚዙን አሁን በሰላም ይተኩሱላቸው።

በሉ፣ ክሊራንሱ። አቶ ጸጋአብን ጠይቄ አስፈቅጃለሁ፤ ካርዱ ላይ እየጻፍኩ ነው፣ ታዩኛላችሁ፦ «ካቻቢቴ፣ ረጅም፣ ቀይ እጀታ፣ ብዛት አንድ። ለባለቤቱ ተሰጥቷል።» ይኸው ፈረምኩ። አሁን ጡረታ ወጡ። አይዞዎት፣ አያልቅሱ፣ እኔም አላልቅስ፣ ኩሉ ይፈስብኛል።

ሁላችሁም ተነሱ። ብርጭቆ ያዙ፤ ቢራ ያለህ ቢራ፣ የእኔ ለስላሳ ነው። ጋሽ ገሠሠ፣ ዛሬ ሰማንያ ላይ ማቆም የለም፤ ወጋየሁ፣ ሙላላቸው፣ እስከ አፉ ሙላ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ናዝሬት ተመርቃ ያጨብጭቡላት። ባትሪዋ ከሁላችንም ዕድሜ ትርዘም፣ ጎማዋ አይበላ፣ የፉሪ መብራት አይጥፋ፣ ቢጠፋም ለሊሳ ይኑርልን!

ደግሞ አንድ ነገር። ሰኞ ውሉ ይጀምራል። ከሰኞ ጀምሮ ልጄን የምታደርስልኝ ጎረቤቴ ሙፊዳ ናት፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። ስለዚህ ኢንሻአላህ ሰኞ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ለቡ መብራት ኃይል፣ ያ ዳቦ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ፊት እኔ ቆሜያለሁ። እርስዎ ቢዘገዩም እዚያው ነኝ። «ሪሐና፣ በዚህ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰውን ያውቁታል፤ ትንሽ እየሞቅኩ ነው።

ለጋሽ ገሠሠ!